ጥፋተኛ ፍለጋ ቤት አያስታርቅም

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤተሰብ ቴራፒ ነው፤ አንድን ሰው ለብቻው ሳይሆን ቤተሰቡን አንድ ላይ አስቀምጦ ስለሚያነጋግር የሥነ ልቦና ሕክምና። ይህ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «ይጠቅማል ወይ?» ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ቤት ውስጥ ሰላም ሲጠፋ ችግሩ ያለው የት ነው? ለዚህ አብዛኞቻችን ብዙም ሳናስብ መልስ አናጣም። ባልየው ነው፤ የለም፣ ሚስቲቱ ናት፤ የለም፣ ትምህርቱን የጣለው ልጅ ነው፤ የለም፣ አማቲቱ ናቸው። ጥፋተኛው ተለይቶ ከተመከረ፣ ካልሰማም ከተገሠጸ፣ ቤቱ ይቃናል ብለን እናምናለን። የቤተሰብ ቴራፒ ሥራውን የሚጀምረው ይህን እምነት በመጠራጠር ነው። የዛሬው ንግግራችን የሚሟገትለት ሐሳብም ይኸው ነው፤ የቤት ግንኙነት የሚበላሸውም የሚጠገነውም በሰዎቹ መካከል ባለው ምልልስ ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛ መፈለጉን ትቶ ምልልሱን የሚያይ እርዳታ ምክርና ተግሣጽ ያልደረሱበት ቦታ ሊደርስ ይችላል።

በብዙ ቤት የሚታወቀውን ኩርፊያ እንውሰድ። ባል አምሽቶ ይገባል፤ ሚስት ለምን አመሸህ ትላለች። ባል ዝም ይላል። ዝምታው ንቀት ሆኖ ይሰማታልና ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ የእሷ ድምፅ ከፍ ሲል እሱ ይብስ ይዘጋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ጭቅጭቁን ሽሽት ከትናንቱ አምሽቶ ይመጣል። እሷን የጠየቀ ሰው «የምጮኸው ዝም ስለሚለኝ ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ እሱን የጠየቀ ደግሞ «ዝም የምለው ስለምትጮኽብኝ ነው» የሚል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የነገሩን መጀመሪያ የሚቆጥሩት ከሌላው ድርጊት ነው። ምልልሱ ክብ ስለሆነ መጀመሪያ የለውም። መጀመሪያ የሌለውን ነገር «ማን ጀመረው?» ብሎ መመርመር ደግሞ ሌላ ጠብ ከመጨመር በቀር የሚያስገኘው የለም። አንዱ የሚገፋበት፣ ሌላው የሚሸሽበት ይህ ምልልስ የአንድ አገር ወይም የአንድ ባህል አመል እንዳይመስለን፤ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በብራዚል፣ በጣሊያንና በታይዋን ባለትዳሮች ዘንድም አግኝተውታል።

ኩርፊያው ሲጠና ሦስተኛ ሰው ይገባበታል። «አባትህን ራት ቀርቧል በለው»፤ «እናትህን አልበላም በላት»። ልጁ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው ሲያደርስ፣ የሚያስቆጣውን እያስቀረ፣ የሚያለዝበውን እየጨመረ፣ ሳያውቀው የቤቱ አስታራቂ ይሆናል። መሬይ ቦወን የተባሉት አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው እየሳበ እንደሚያስገባ አስተውለው፣ ይህን ሦስት ማዕዘን ከጽንሰ ሐሳባቸው ዋና ዋና መሠረቶች አንዱ አድርገውታል። ሦስተኛው ሰው ልጅ ብቻ አይደለም፤ አማት፣ የልብ ጓደኛ ወይም የቤት ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሲገባ ውጥረቱ ለጊዜው ይረግባል፤ ሁለቱ ግን መነጋገር የነበረባቸውን ሳይነጋገሩ ይቀራሉ። ዋጋውን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ልጁ ነው። ሆዱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል። ሐኪም ቤት ተወስዶ በምርመራ ምንም ሳይገኝበት ሲቀር አመለኛ ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለብቻው መምከር ብዙ አያራምድም፤ ወላጆቹ ተኳርፈው እስከቆዩ ድረስ መልእክት ማድረሱን በራሱ ፈቃድ ሊያቆም አይችልምና።

ይህ አስተሳሰብ ቅርጽ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እዚህ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የሥነ ልቦና ሕክምና ማለት አንድ ሐኪምና አንድ ታካሚ ማለት ነበር፤ ሐኪሙ የታካሚውን ዘመዶች ቢያነጋግር ሕክምናው ይበላሻል ተብሎ ይፈራ ነበር። ሆኖም አንዳንድ ሐኪሞች ደጋግመው የሚገጥማቸው ነገር እረፍት ነሳቸው። ሆስፒታል ተኝቶ የተሻለው ሰው ቤቱ ሲገባ ያገረሽበታል። ሲብስም ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ ዶን ጃክሰን እንዳስተዋሉት፣ ታካሚው ሲሻለው ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ይታወካል። ጃክሰን በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ከባህል ተመራማሪው ከግሪጎሪ ቤትሰን ጋር ሆነው የቤተሰብን ንግግር ማጥናት ጀመሩ። ቦወን በ1950ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ቤተሰቦችን ከነታማሚያቸው ሆስፒታል አስገብተው አብረው ሲኖሩ ተከታተሏቸው። በኒው ዮርክ ናታን አከርማን በ1960 የቤተሰብ ሕክምና ተቋም አቋቋሙ። በዚያው ከተማ አካባቢ ከአርጀንቲና የመጡት ሳልቫዶር ሚኑቺን በዊልትዊክ ትምህርት ቤት ከሚኖሩ፣ ከድሃ ቤተሰብ ከመጡ ወንዶች ልጆች ጋር ይሠሩ ነበር፤ ልጁን ለብቻው መርዳት ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደማይዘልቅ ሲያዩ ቤተሰቡን ወደ ሕክምናው አስገቡ።

በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ሊደበቅ የማይገባ ጥፋት አለ። በ1948 ፍሪዳ ፍሮም-ራይኽማን የተባሉ ሐኪም ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም ከእናት ጠባይ ጋር የሚያያይዝ አነጋገር አስተዋወቁ። በ1956 እነ ቤትሰን ያወጡት ታዋቂ ጽሑፍም ሕመሙን እርስ በርሱ ከሚጣረስ የቤተሰብ ንግግር ጋር አቆራኘው፤ እናት በአፏ ና፣ በፊቷ ሂድ ስትለው ልጁ መውጫ ያጣል የሚል ነበር። በኋላ የመጡት ጥናቶች ይህን የሕመሙ መንሥኤ አድርገው አላጸኑትም፤ በሕመሙ አመጣጥ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ዛሬ ይታወቃል። በእነዚያ ዓመታት ግን በልጃቸው ሕመም የተሰበሩ እናቶች «ያሳመምሽው አንቺ ነሽ» የሚል ሌላ ሸክም ተጫነባቸው። ይህ ለክርክራችን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ቤተሰብን መርዳት የተባለው ሙያ ራሱ ጥፋተኛ ፍለጋ ውስጥ ሲገባ ያቆሰላቸው ሰዎች አሉ። በባለሙያ አፍ ሲነገር ወቀሳ ሳይንስ አይሆንም።

የተሻለው መንገድ የተከፈተው ከለንደን ነው። ጆርጅ ብራውን የተባሉት የኅብረተሰብ ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ሲከታተሉ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ፤ ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ትዳር ጓደኛቸው ከተመለሱት ይልቅ ተከራይተው ወይም ከወንድምና ከእኅት ጋር የኖሩት የተሻለ ውሎ ነበራቸው። ለምን? ብራውንና ባልደረቦቻቸው ዘመዶችን ቁጭ አድርገው ስለ ታማሚው እንዲናገሩ እየጠየቁ፣ የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን የድምፃቸውን ቃና ጭምር ይመዝኑ ጀመር። ስንት ጊዜ ነቀፉ? ጥላቻ ይሰማል? ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍ፣ ሰውየውን እንደ ሕፃን የማየት ነገር አለ? በ1976 ክሪስቲን ቮንና ጁሊያን ሌፍ ባወጡት ጥናት፣ ነቀፋና መንሰፍሰፍ በበዛበት ቤት ከሚኖሩት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሕመሙ ሲያገረሽባቸው፣ በሌላው ቤት ያገረሸባቸው ከስምንት ሰው አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ሕመሙን አመጣው አልተባለም። የተባለው፣ ሕመሙ ከመጣ በኋላ በቤት ውስጥ ያለው አነጋገር የማገገሚያውን መንገድ ያቀናል ወይም ያጠፋል ነው። ነቀፋው ራሱም ከክፋት አይመጣም፤ ሌሊት ካልተኛ፣ ሕመሙ ምን እንደሆነ ካልተነገረው፣ ስንፍና ይሁን ሕመም መለየት ከተሳነው ዘመድ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሐኪሞች ቤተሰቡን መውቀስ ትተው ስለ ሕመሙ ማስረዳትና አነጋገርን ማለማመድ ያዙ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች ይህ እርዳታ ከመድኃኒቱ ጋር ሲሰጥ ማገርሸትን እንደሚቀንስ አሳዩ፤ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያም ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸውና ከቤተሰብ ጋር ለሚኖሩ ሁሉ እንዲቀርብ፣ ቢያንስ 10 ጊዜ መገናኘት እንዲኖርበት ይመክራል። በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመምተኛን ሌት ተቀን የሚያስታምመው በአብዛኛው ቤተሰብ ነውና፣ ይህ እውቀት ከለንደን ይልቅ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልጋል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በሕክምናው ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ባለሙያው የፍርድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ለወላጆቹም ለልጆቹም እኩል ጆሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በቤት ውስጥ ያልተለመደ ጥያቄ ይጠይቃል። በጣሊያን ሚላን እነ ማራ ሰልቪኒ ፓላትሶሊ ያዳበሩት የአጠያየቅ ስልት ሰውን ስለ ራሱ አይጠይቅም፤ በሌሎቹ መካከል ያየውን ነው የሚጠይቀው። «አባትና እናትሽ ሲኳረፉ ታናሽ ወንድምሽ ምን ያደርጋል?» «እሱ ሲያለቅስ ቀድሞ የሚነሣ ማን ነው?» ልጅቱ ስትመልስ ወላጆቹ ክቡን ከውጭ ሆነው ያዩታል፤ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ። ሚኑቺን ደግሞ ሰዎቹ ስለ ጠባቸው እንዲተርኩ አይተዋቸውም ነበር፤ እዚያው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ያደርጓቸዋል። ሚስት ስለ ባሏ ለባለሙያው ስትናገር ወደ እሱ ዞራ እንድትነግረው ትጠየቃለች፤ በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ልጅ ወንበሩ ወደ ጎን ይዛወራል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለዓመታት በልጅ በኩል ሲነጋገሩ ለነበሩ ባልና ሚስት ግን ፊት ለፊት መተያየት ራሱ ከባድ ሥራ ነው። የዚሁ ሙያ ሰው የነበሩት ቨርጂኒያ ሳቲር ሰው ሲጨነቅ ከአራት በአንዱ መንገድ እንደሚናገር አስተውለው ነበር፤ አንዱ ይወቅሳል፣ አንዱ ይለማመጣል፣ አንዱ ስሜት እንደሌለው ሰው ምክንያት እየደረደረ ይተነትናል፣ አንዱ ወሬ ያስቀይሳል። የሚለማመዱት አምስተኛው መንገድ ቃልና ፊት አንድ ሆነው የሚናገሩበት ነው፤ «ግድ የለህም» ከማለት «ስታመሽ እፈራለሁ» ማለት። አውስትራሊያዊው ማይክል ዋይት ደግሞ ችግሩን ከሰውየው ነጥሎ ስለ መነጋገር አስተማሩ። በዚህ መንገድ የሚሠራ ባለሙያ «ለምን ታኮርፋለህ?» አይልም፤ «ይህ ኩርፊያ ቤታችሁ የሚገባው መቼ መቼ ነው? ሊገባ ሲል የመለሳችሁት ቀን አለ?» ይላል። እንዲህ ሲባል ባልና ሚስት እርስ በርስ መፋጠጣቸውን ትተው በአንድ በኩል ይሰለፋሉ።

ውጤቱን በተመለከተ ማጋነን አያስፈልግም። በአሜሪካ አንድሩ ክሪስተንሰንና ባልደረቦቻቸው ጠባቸው ለረጅም ጊዜ የቆየና የከረረ 134 ባለትዳሮችን በሎስ አንጀለስና በሲያትል አክመው አምስት ዓመት ተከታተሏቸው። በአምስተኛው ዓመት ግማሽ ያህሉ በግልጽ የሚታይ መሻሻል ላይ ነበሩ፤ ከአራት አንድ ያህሉ ደግሞ ተለያይተዋል። ጽዋው ግማሽ ባዶ ነው የሚል ይኖራል፤ ሆኖም እነዚህ ጥንዶች ተመርጠው የገቡት ጠባቸው የከረረ በመሆኑ ነበር። በልጆችም ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። አኖሬክሲያ በሚባለው፣ ወጣቶች ምግብ እየተዉ እስከ ሞት በሚያደርስ ሕመም ላይ ጀምስ ሎክና ዳንኤል ለ ግራንጅ በ2010 ያወጡት ጥናት 121 ወጣቶችን ያካተተ ነበር፤ ሕክምናው ካበቃ ከዓመት በኋላ በቤተሰብ ሕክምና ካለፉት 49 በመቶው ሙሉ በሙሉ ድነው ሲገኙ፣ ለብቻቸው ከታከሙት የዳኑት 23 በመቶ ነበሩ። በዚህ ሕክምና ወላጆች ጥፋተኛ አይባሉም፤ ልጃቸውን ማብላት ዋናው ሥራቸው ሆኖ ይሰጣቸዋል፤ ባለሙያው ከጀርባቸው ይቆማል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ገበና ነው። የቤትን ነገር ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ነውር ነው የሚል አድማጭ ይኖረናል፤ ይህን ስሜት በንቀት ማለፍ አይገባም። ገበናን መጠበቅ ቤተሰብን ከሐሜትና ከመንደር ዳኝነት የሚከላከል ጥሩ አጥር ነው። ነገር ግን እውነቱን እናስተውል፤ የተጣላ ቤት ገበና ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ወጥቷል። ለጎረቤት በቡና ላይ፣ ለጓደኛ በስልክ፣ ለእኅት በለቅሶ ተነግሯል። እነዚህ ሰሚዎች ወዳጅ ስለሆኑ ወገን ይይዛሉ፤ ባልና ሚስት ታርቀው እንኳ ቂሙ በእነሱ ዘንድ ይቆያል። ባለሙያ ምሥጢር የመጠበቅ የሙያ ግዴታ አለበት፤ የሚያወራለት መንደርም ሆነ የሚደግፈው ወገን የለውም። ገበናው የሚያሳስበው ሰው እንዲያውም ይህን መንገድ የሚመርጥበት በቂ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሽማግሌ እያለን?» የሚል ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ክብር የሚገባው እሱ ነው። ሽምግልና ሕዝብ ያከበረው፣ ወጪ የማይጠይቅ፣ ተጠሪነቱም ለማኅበረሰቡ የሆነ ትልቅ ሥርዓት ነው። ሕጋችንም ቦታ ሰጥቶታል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ በቤተሰብ ሽማግሌዎች እጅ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የማፋታቱን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ፣ ባልና ሚስት ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት ዕርቅ እንዲሞክሩ መንገዱን ክፍት ትቷል። የሽምግልና ጉልበት ያለው በዕርቅ ላይ ነው፤ የተበደለ ካሳውን ያገኛል፣ የበደለ ይቅርታ ይጠይቃል፣ «ሁለተኛ አይለመደኝም» ይባላል። ጎዶሎው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲሄዱ ያ ክብ ምልልስ እንዳለ ይቀራል፤ ባልየው በሚቀጥለው ሳምንት ሲያመሽ ሚስት የምትናገርበት ሌላ ቃል፣ እሱም የሚመልስበት ሌላ መልስ አልተለማመዱም። በተጨማሪ በሽምግልና ላይ ልጆች ድምፅ የላቸውም፤ ሚስትም ብዙ ጊዜ «አንቺ ቻይው» የሚል ምክር ነው የሚደርሳት። ስለዚህ ሁለቱ የሚተካኩ አይደሉም። ሽማግሌ ያስታረቀውን ቤት ባለሙያ ቢያለማምደው ዕርቁ ዕድሜ ያገኛል።

ሦስተኛው ፍርሃት ልጅ በወላጁ ፊት እንዲናገር ከተፈቀደለት መከባበር ይጠፋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሙያው ራሱ መልስ አለው። ሚኑቺን አጥብቀው የሚሠሩበት ነገር በወላጅና በልጅ መካከል ግልጽ ድንበር እንዲኖር፣ ወላጆች አንድ ሆነው ቤቱን እንዲመሩ ማድረግ ነበር። ልጅ መልእክተኛና አስታራቂ በሆነበት ቤት እኮ የወላጅ ክብር አስቀድሞ ወርዷል። ይህ በስደት ላይ ባሉ ቤተሰቦቻችን ጎልቶ ይታያል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 በግንቦት ወር በሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ በመንደራቸው ቃላቸው የሚከበር አባቶች ቋንቋውን በማያውቁበት አገር አረፉ፤ ልጆቹ ግን ዕብራይስጡን በፍጥነት ለመዱት። በአሜሪካም በአውሮፓም እንዲሁ ነው፤ የባንክ ደብዳቤ የሚያነብ፣ ሐኪም ፊት የሚያስተረጉም፣ ከትምህርት ቤት የመጣውን ወቀሳ ለወላጁ የሚተረጉም ልጁ ራሱ ነው። ወላጅ የተዋረደ ሲመስለው ይቆጣል፤ ልጅ ሸክሙ ሲከብደው ያምፃል። አባትን ምከሩት፣ ልጅን ገሥጹት ቢባል ሁለቱም አይፈቱትም፤ በቤቱ ውስጥ ማን ምን ይሸከም የሚለው ነው እንደገና መደልደል ያለበት። በአረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ልጇን ለአያት ትታ የሄደች እናት ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ በስልክ የሚወራው ስለ ተላከ ገንዘብና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሆንና፣ ልጅ እናቱን እንደ ላኪ ብቻ ያውቃታል። አያት፣ እናትና ልጅ በስልክም ቢሆን ሦስቱ አብረው ማን ምን እንደሚወስን የሚነጋገሩበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ሳይሆን እናት ስትመለስ ቤቱ ሁለት እናት ይኖረዋል።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ግን የክርክራችንን መሠረት የሚነካው ነው። ጥፋተኛ አንፈልግም ካልን፣ ሚስቱን የሚደበድብን ሰው ምን ልንለው ነው? ይህን ጥያቄ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሴት ባለሙያዎች በራሱ በሙያው ውስጥ አንሥተውታል፤ ልክም ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት፣ ትዳር ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው በትዳር ጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህን ያህል ስፋት ባለው ጉዳይ ላይ አነጋገራችን ግልጽ መሆን አለበት። ጭቅጭቅ ክብ ነው፤ ዱላ ክብ አይደለም። ለተመታች ሴት «አንቺስ ምን ብለሽው ነው?» የሚል ጥያቄ የቤተሰብ ቴራፒ ስም ሊሰጠው አይገባም። የመታው ኃላፊነቱን ብቻውን ይሸከማል። እንዲህ ባለ ቤት ባልና ሚስትን አንድ ክፍል አስቀምጦ ማነጋገር ሊጎዳትም ይችላል፤ በባለሙያ ፊት የተናገረችው እውነት ቤት ስትገባ ሌላ ዱላ ያመጣባታልና። በመሆኑም ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይጠይቃል፤ ፍርሃት ካለ የጋራውን ሕክምና አይጀምርም፤ ደኅንነቷ፣ ሕጉና መጠለያው ይቀድማሉ። ይህ ድንበር ሐሳባችንን አያፈርሰውም፤ የሚሠራው ሁለቱም ያለ ፍርሃት መናገር በሚችሉበት ቤት መሆኑን ያሳያል እንጂ።

ገንዘብና ባለሙያስ ከየት ይመጣል የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ የሠለጠኑ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለው እዚያ መጠየቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ደግሞ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ይቻላል። ስትጠይቁ ግን አንድ ነገር አጣሩ፤ ቤተሰብን አንድ ላይ ለማነጋገር ሠልጥኗል ወይ? ግለሰብን የሚያክም ጥሩ ባለሙያ ሁሉ ቤተሰብን ማነጋገር ይችላል ማለት አይደለም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 ጊዜ ባልበለጠ መገናኘት ያልቃል። ኑሮ ያቆሰለውን ቤት ንግግር ብቻ አይፈውሰውም፤ የቤት ኪራይ የጨነቀው ባልና ሚስት ኪራዩ በንግግር አይከፈልላቸውም። ጭንቀቱን አንድ ላይ ሆነው መሸከምና አንዱ ሌላውን እያቆሰለ መሸከም ግን ልዩነት አለው፤ በዚህ ላይ መሥራት ይቻላል።

በመጨረሻ፣ «እኔ እሄዳለሁ፣ ባለቤቴ ግን እግሩን አያነሣም» የምትሉ አላችሁ። ቦወን በኋለኛው ሥራቸው ብዙ ጊዜ ከአንድ የቤተሰብ አባል ጋር ብቻ ይሠሩ ነበር፤ ምልልሱ ክብ ከሆነ አንዱ ተራውን ሲለውጥ የሌላው መልስ እንደ ድሮው ሊቀጥል አይችልም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ትጮህ የነበረች ሚስት አንድ ቀን ሳትጮህ፣ በልጁም በኩል ሳትልክ፣ ራሷ ገብታ «ስታመሽ ፈርቻለሁ፤ ነገ ከሁለት ሰዓት በኋላ የምትቆይ ከሆነ ደውልልኝ» ብትለው ባልየው ወዲያው ደስ ይለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ምናልባት ይጠራጠራል፣ ወደ ድሮው ጠብ ሊመልሳት ይጎነትላታል፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» ይላል። ቦወን ይህን ዓይነቱን ግፊያ የሚጠበቅ ነገር አድርገው ያዩት ነበር፤ ቤተሰብ የለመደውን ሚዛን ሲያጣ አባሉን ወደ ቦታው ሊመልስ ይሞክራል። በዚያች ሰዓት ለጉንተላው በድሮው ቃል ሳይመልሱ፣ ሳያኮርፉም፣ ያንኑ ቀላል ዐረፍተ ነገር በረጋ ድምፅ መድገም ነው ሥራው። ለሁለተኛው ቀንም፣ ለሦስተኛውም።